የመንገደኛ ስንቅ

ሰው ቤቱን ትቶ ወደ ሌላ አገር በሄደ ጊዜ ሁለት ዐይነት ማደሪያ ያገኛል። አንዱ በገንዘብ የሚገኝ ነው፤ ሁለተኛው በዘመድ የሚገኝ ነው። በገንዘብ ያደረ እንግዳ ሒሳቡን ከፍሎ፥ ደረሰኙን ተቀብሎ፥ ዕዳ ሳይኖርበት ይሄዳል። በዘመድ ያደረ ግን ምንም ሳይከፍል ይሄዳል፤ ዕዳውም አብሮት ይሄዳል። እኔ በ2013 ዓመተ ምሕረት ክረምት በላሊበላ ከተማ ወደ አንድ ቤት በመጀመሪያው ዐይነት ገብቼ በሁለተኛው ዐይነት ወጣሁ። ይህን ለአንባቢ መንገር የፈለግሁት ታሪኩ የሚያስደንቅ ሆኖ አይደለም፤ በዚያ ዘመን ከዚህ የበለጠ መከራ ያየ ሰው ብዙ ነው። ነገር ግን በዚያ ቤት ውስጥ የሠራሁት አንድ ጥፋት አለና ለብቻዬ ይዤው መኖር ከብዶኛል።

ሥራዬ የመንግሥት ሥራ ነው። ትምህርቴ ሁለተኛ ደረጃን ከመጨረስ አላለፈም፤ የምሠራውም መዝገብ ማመሳከር ነው። ሐምሌ 12 ቀን 2013 ለሁለት ሳምንት ሥራ ታዝዤ ከባሕር ዳር በደብረ ታቦርና በጋሸና በኩል ላሊበላ ገባሁ። በጥቅምት 2013 የተጀመረው ጦርነት ያን ጊዜ ዘጠነኛ ወሩን ይዞ ነበር። ወሬው በየቀኑ እየቀረበ ይመጣ ነበር፤ ይሁን እንጂ ሰው ሁሉ፥ እኔም ጭምር፥ «እዚህስ አይደርስም» እንል ነበር።

ያረፍሁበት ቤት ስምንት ክፍል ያለው የአንድ ቤተ ሰብ ማረፊያ ነው። በግቢው መካከል አንድ ወይራ ቆሟል፤ ከወይራው ጀርባ ቤተ ሰቡ ራሱ የሚኖርበት፥ በላስታ ልማድ የተሠራ ባለ ሁለት ደርብ ክብ የድንጋይ ቤት አለ። ባለቤቲቱ ባላቸው የሞቱባቸው፥ ዕድሜያቸው ከሃምሳ ያለፈ ሴት ናቸው፤ እኔም እንደ ሰፈሩ ሰው «እትዬ» እላቸው ነበር። አብረዋቸው የሚኖሩት ሽማግሌው አባታቸው፥ አስጎብኚ የሆነው ወንድ ልጃቸውና ዐሥራ አራት ዓመት የሆናት ሴት ልጃቸው ነበሩ።

አንባቢ እንደሚያውቀው ላሊበላ በእንግዳ የሚኖር ከተማ ነው። ከዐለት የተፈለፈሉት 11ዱ አብያተ ክርስቲያናት በአውሮፓ አቆጣጠር በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ውስጥ ከገቡ ወዲህ ከሩቅ አገር የሚመጣው ጎብኚ በዛ። ከዚያ አስቀድሞም ቢሆን ለገና በዓል በእግሩ የሚመጣውን ምእመን እግሩን አጥቦ፥ አብልቶና አጠጥቶ ማሳደር የአገሩ ሰው ልማድ ነው። ነገር ግን በመጋቢት 2012 የኮሮና ወረርሽኝ በአገራችን ከታየ ጀምሮ የውጭው ጎብኚ ቀርቶ ነበር፤ ጦርነቱም በዚያ ላይ ተጨመረ። እኔ በገባሁ ጊዜ ከስምንቱ ክፍል ሰባቱ ባዶ ነበሩ። እትዬ የአንድ ሌሊቱን ዋጋ 300 ብር አሉኝ። እኔም ቤቱ ባዶ መሆኑን አይቼ እየተከራከርሁ ወደ 250 አስወረድሁት፤ ለውሎ አበሌ 50 ብር ማትረፌም ደስ አሰኘኝ።

በዚያው ቀን ትልቁን የእንግዳ መዝገብ አምጥተው አስሞሉኝ፤ ስም፥ ከየት እንደ መጣ፥ ወዴት እንደሚሄድ፥ የመታወቂያ ቍጥር፥ ሥራ። መዝገብ የእኔ ሙያ ስለ ሆነ በጥሩ ጽሕፈት ሞላሁት። በሥራው ረድፍ ላይም «የመንግሥት ሠራተኛ» ብዬ ጻፍሁ።

ሥራዬ በሁለት ሳምንት አላለቀም፤ ሊወስደኝ የነበረውም መኪና ሳይመለስ ቀረ። ሐምሌ 29 ቀን የትግራይ ኃይሎች ከተማይቱን ያዙ። ከዚያ በፊት በነበረው ሌሊት ብዙ ሰው ልጁን አዝሎ፥ ሽማግሌውን በበቅሎ ጭኖ ሲወጣ አደረ። የእትዬም ልጅ ከእኩዮቹ ጋር ወጣ። እናቱ ቆሎ ቋጥረው እስከ በሩ ሸኙት፤ አንድም ቃል አልተናገሩም። እኔም ሻንጣዬን ይዤ እስከ ወይራው ድረስ ሄጄ ቆምሁ። ጊዜው ክረምት ነበር፤ መንገዱን አላውቀውም፤ እውነቱን ለመናገር ድፍረቱም አልነበረኝም። ተመልሼ ክፍሌ ውስጥ ገባሁ።

በማግሥቱ ማታ እትዬ መዝገቡን፥ ምላጭና ጧፍ ይዘው መጡ። ከአጠገቤ ተቀምጠው «የመንግሥት ሠራተኛ» ያልሁትን ቃል በምላጩ ቀስ እያሉ ፋቁት፤ ወረቀቱ ሳሳ እንጂ አልተቀደደም። በላዩም ላይ «ዘመድ» ብለው ጻፉ።

«ከዛሬ ጀምሮ እንግዳ አይደለህም። ደብረ ታቦር ያለው የወንድሜ ልጅ ነህ፤ ክረምቱን ልትጠይቀን መጥተህ መንገድ ተዘጋብህ» አሉኝ። የወንድማቸውን ስም፥ የሚስቱንም ስም ሦስት ጊዜ አስደገሙኝ። መታወቂያዬንና የመሥሪያ ቤቴን ደብዳቤ ከመዝገቡ ጋር በጨርቅ ጠቅልለው በጎታው ውስጥ ከገብሱ ሥር ቀበሩት። ከዚያም ከሆቴሉ ክፍል አውጥተው በልጃቸው መኝታ ላይ አስተኙኝ፤ የልጃቸውንም ጋቢ አለበሱኝ።

ያን ሌሊት ለእርሳቸው ያልሰጠሁት አንድ ነገር ነበር። በኮቴ ገበር ውስጥ የሰፋሁት 3,800 ብር ነበረኝ። ከኪሴ 400 ብር አወጣሁና «የቀረኝ ይህ ብቻ ነው» ብዬ ሰጠኋቸው። ተቀበሉኝና «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አሉ።

መብራት ሲጠፋ ምን ያህል ነገር አብሮ እንደሚጠፋ ከዚያ በፊት አስቤው አላውቅም ነበር። የውኃው መግፊያ ቆመ፤ ወፍጮ ቤቱ ቆመ፤ ስልክ ዝም አለ፤ ባንኩም ተዘጋ። እትዬ በባንክ ያስቀመጡት ጥቂት ገንዘብ ነበራቸው፤ ነገር ግን በተዘጋ በር ውስጥ ያለ ገንዘብ እንደ ሌለ ነው። የወንድም ልጅ ከሆንሁ ዘንድ የወንድም ልጅ ሥራ ተሰጠኝ። ሌሊቱ ሲነጋጋ ሁለት ጀሪካን ይዤ ወደ ምንጭ እወርድ ነበር፤ ወረፋው ረጅም ስለ ሆነ የምመለሰው ፀሓይ ከወጣች በኋላ ነው። እትዬም የእናታቸውን የድንጋይ ወፍጮ ከጓዳ አወጡ። ልጅቱ መጁን እንዴት እንደሚይዙት ልታሳየኝ ስትሞክር የእኔ ዱቄት እንደ ቆሎ ሻካራ እየሆነ ትስቅብኝ ነበር። በዚያ ቤት ከሐምሌ መጨረሻ ወዲህ የተሰማው የመጀመሪያው ሳቅ ይህ ነው።

ከተማይቱ በተያዘች በሁለተኛው ቀን ጾመ ፍልሰታ ገባ። ጥይት የሚፈራው ሁሉ ለቅዳሴ ግን አልቀረም፤ ነጠላውን ተከናንቦ በዐለቱ መካከል በሚወስደው ጠባብ መንገድ ወደ ቤተ ማርያም ይወርድ ነበር። ሽማግሌውም በትራቸውን ይዘው፥ እኔ ክንዳቸውን ደግፌ፥ በየቀኑ እንሄድ ነበር። አንድ ቀን ስንመለስ ቆም ብለው በሩቅ የሚታየውን አረንጓዴ እርሻ አዩና «በ1977 የከዳን ዝናብ ነበር። ዘንድሮ ዝናቡ መጥቶልናል፤ የከዳው ሰው ነው» አሉኝ። ሌላ ነገር ሳይጨምሩም መንገዳቸውን ቀጠሉ።

በነሐሴ ወር አንድ ከሰዓት በኋላ ሦስት ታጣቂዎች ግቢያችን ገቡ። አንደኛው ገና ጢም ያላበቀለ ልጅ ነበር። ክፍሎቹን አንድ በአንድ እየከፈቱ ካዩ በኋላ በእኔ ላይ ቆሙ። ትልቁ «ይህ ማነው?» አለ። የወንድማቸው ስም ከአእምሮዬ ጠፋ፤ ምላሴ ደረቀ። እትዬ ከጓዳ ወጡና «የወንድሜ ልጅ ነው» አሉ። ሰውዬው ግን ዐይኑን ከእጄ ላይ አላነሣም፤ እጄ የብዕር እጅ እንጂ የሞፈር እጅ አይደለምና። በዚህ ጊዜ እትዬ ወደ እኔ ዞረው ጮኹብኝ፤ «አንተ ሰነፍ! ምን ገትሮሃል? ሰው ቆሞ እያየህ ውኃ አታመጣም? አባትህም እንዲሁ ነበር!» እየሮጥሁ ሄድሁ። በጣሳ ውኃ ይዤ ስመለስ ሰዎቹ ፊታቸው ለስልሶ አገኘኋቸው። ትንሹ ልጅ ውኃውን ጠጥቶ ጣሳውን በሁለት እጁ መለሰ። እትዬም «እናትህ በሕይወት አለች?» ብለው ጠየቁት፤ አቀርቅሮ «አለች» አለ። ወጥተው ሄዱ። ገንዘብ ከፍሎ ያደረ እንግዳን የሚሳደብ ባለ ቤት እንደሌለ ሁሉም ያውቃል፤ ስለዚህ ያዳነኝ ያ ስድብ ነው።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልመለስ። መስቀል ካለፈ በኋላ በጎታው ውስጥ የነበረው ገብስ ሊያልቅ ሆነ። የእርሻው አዝመራ ገና አልደረሰም፤ በገበያ ያለው እህልም ዋጋው በየሳምንቱ ይጨምር ነበር። አንድ ቅዳሜ እትዬ ማንንም ሳያስከትሉ ገበያ ወጡ። ወደ ማታ አህያ የሚነዳ ልጅ አንድ ጆንያ ገብስ ይዞ ከፊታቸው ገባ። ገብሱን ከአህያው ሳወርድ እትዬ እጃቸውን ወደ አንገታቸው ሰደዱና ባዶ ሆኖ ሲያገኙት መለሱት። ከእናታቸው የወረሱት፥ ለክብረ በዓልም ለኀዘንም ከአንገታቸው የማይለይ የብር ድሪ ነበራቸው። ልጅቱ አይታ ወደ ጓዳ ገብታ አለቀሰች። እኔ ጆንያውን ተሸክሜ ወደ ጎታው ሄድሁ፤ ኮቴም በትከሻዬ ላይ ነበር።

ያን ዕለት መናገር ነበረብኝ። አልተናገርሁም። ለራሴ የሰጠሁት ምክንያት ብዙ ነው፤ «መንገዱ ነገ ይከፈት ይሆናል፤ ገንዘብ የሌለው ሰው መንገድ ላይ ምን ይሆናል? ደግሞ ድሪው አንድ ጊዜ ተሽጧል፤ አሁን ብናገር ውሸታም ከመባል በቀር ምን እጠቅማለሁ?» እያልሁ እከራከር ነበር። ያን ማታ ከዚያ ገብስ የተጋገረውን ቂጣ በላሁ። በማግሥቱም በላሁ። ለዐሥር ቀን በላሁ።

በዐሥራ አንደኛው ቀን ማታ ልጅቱ ከድርሻዋ ግማሹን ቈርሳ ከፊቴ አኖረችና «አንተ ውኃ ትሸከማለህ፤ እኔ ዛሬ ምንም አልሠራሁም» አለችኝ። ቂጣውን ማንሣት አልቻልሁም። ተነሥቼ ኮቴን አመጣሁ፤ ገበሩን በቢላዋ ተርትሬ ብሩን ሁሉ በመሶቡ ክዳን ላይ አፈሰስሁት። የተናገርሁት ነገር ትዝ አይለኝም፤ ብዙም የተናገርሁ አይመስለኝም።

እትዬ አልተደነቁም። «ዐውቃለሁ» አሉ። «በነሐሴ ኮትህን ያጠብሁት እኔ ነኝ። ውኃ እንዳይነካው ገበሩን ከላይ ይዤ ነው ያጠብሁት።»

«ታዲያ ለምን አልጠየቁኝም?» አልኋቸው።

«የመንገደኛ ስንቅ ባለ ቤት አይፈታውም፤ ራሱ ሲፈታው ነው እንጂ» አሉኝ። ጥቂት ዝም አሉና ደግሞ፥ «ነገር ግን ልጄ፥ ከዚያች ቅዳሜ በፊት ብትፈታው ኖሮ የእናቴ ድሪ በአንገቴ ላይ ነበረ» አሉ። ይህን ያሉት በቍጣ አይደለም። እውነቱ እንዳይደበቅ ያህል ብቻ ነው የተናገሩት። ሽማግሌው ፊታቸውን ወደ እሳቱ አዞሩ።

ከዚያም እትዬ ብሩን ቈጠሩ። 2,000 ብር ለእህልና ለጨው ለይተው 1,800ውን መለሱልኝና «ይህ የመንገድህ ነው፤ ገበሩን ግን በደንብ ስፋው፤ ስፌትህ ያስታውቃል» አሉኝ። ልጅቱ ሳቀች። እኔ መሳቅ አልቻልሁም።

ኅዳር 22 ቀን 2014 የመንግሥት ጦር ከተማይቱን መልሶ ያዘ። ከሐምሌ 29 እስከዚያ ቀን 118 ቀን ነው። የጋሸናውም መንገድ ተከፈተ። እኔም ኅዳር 25 ቀን ወደ ደብረ ታቦር የሚሄድ የጭነት መኪና አገኘሁ። እትዬ ጥቅሉን ከጎታው አወጡልኝ፤ መታወቂያዬ ገብስ ገብስ ይሸት ነበር። «ሒሳቤ ስንት ነው?» አልኋቸው። ለመጀመሪያዎቹ 17 ሌሊቶች፥ ከሐምሌ 12 እስከ 29 ላሉት፥ የከፈልሁበትን ደረሰኝ ቈርጠው ሰጡኝ። «የቀረውስ?» ብላቸው «የወንድም ልጅ ሒሳብ የለውም» አሉ። ቆሎም ቋጠሩልኝ። በሐምሌ ለልጃቸው እንደ ቋጠሩት በዚያው ዐይነት መቋጠሪያ ነበር፤ ልጃቸው ግን ያን ጊዜ ገና አልተመለሰም፤ የት እንዳለም አልተሰማም ነበር።

መሥሪያ ቤቴ ስደርስ የወጪ ቅጽ ሞላሁ። ሒሳብ ሹሙ ቅጹን አገላብጦ አየና ለቀሩት ሌሊቶች የአልጋ ደረሰኝ እንደሚያስፈልግ ነገረኝ። ያለ ደረሰኝ አይከፈልም። ሰውዬው ክፉ ሰው አልነበረም፤ ኀዘንም ይታይበት ነበር። እኔም አልተከራከርሁትም፤ በትክክል ከታሰበ ለእነዚያ ሌሊቶች የአልጋ ወጪ አላወጣሁምና። ቅጹን ተቀብዬ በምክንያት ረድፍ ላይ «በዘመድ ቤት ያደርሁ» ብዬ ጻፍሁና ፈረምሁ። በዕድሜዬ ከሞላሁት ቅጽ ሁሉ እንደዚያ ያለ እውነት የጻፍሁበት የለም።

ታኅሣሥ 3 ቀን ከተማይቱ እንደ ገና መያዟን ሰማሁ። ስልክ የለም፤ የሚጠየቅ ሰውም የለም። በየማታው ዜና እየሰማሁ፥ በጎታው ውስጥ ያለውን ገብስ በልቤ እሰፍር ነበር፤ ሁለት ሺሁ ብር ስንት ቁና ገዝቷል፤ እስከ መቼስ ያደርሳቸዋል እያልሁ። ከአንድ ሳምንት በኋላ ገደማ ከተማይቱ ተመልሳ በመንግሥት እጅ መግባቷ ተነገረ። ያን ጊዜ ለገና ለመሄድ ፈቃድ ጠየቅሁ።

አስቀድሜ ግን አዲስ አበባ ላይ ከብር ሠሪዎች ዘንድ ዞሬ አንድ ድሪ ገዛሁ። ላሊበላም ስደርስ ከእትዬ ቤት በፊት ወደ ገበያ ሄጄ የድሮውን ድሪ የገዛውን ነጋዴ አፈላለግሁ፤ ሰውዬው ከከተማይቱ ወጥቷል፤ ድሪውም አብሮት ሄዷል።

የታኅሣሥ 28 ማታ ግቢው በእግረኛ ተሞልቶ ነበር። እትዬ ገበታ ይዘው፥ ቀሚሳቸውን ሰብስበው፥ ከወይራው ሥር የመንገደኛ እግር ያጥባሉ። ልጃቸው ተመልሶ በጀሪካን ውኃ ያቀብላቸዋል፤ ከስቶና ጠቍሮ ነበር፤ ነገር ግን ቆሟል። አዲሱን ድሪ ሰጠኋቸው። በእርጥብ እጃቸው ተቀብለው ወዲያው በአንገታቸው አጠለቁትና መረቁኝ። ልጅቱ ቀረብ ብላ አየችውና «የአያቴን አይመስልም» አለች። እትዬ «ዝም በይ» አሏት። የልጅቱ ቃል ግን እውነት ነበር፤ አይመስልም።

በኋላ መዝገቡን አምጥተው ከፊቴ ዘረጉት። የሐምሌ 12ቱ መስመር በሌላ ገጽ ላይ ነው፤ ገለጥ አድርጌ አየሁት። የሳሳው ወረቀት በጧፉ ብርሃን ያሳያል፤ «ዘመድ» የሚለው ቃልም በላዩ ላይ አለ። «አሁን ምን ብዬ ልጻፍ?» ብላቸው «አሁን ሰላም ሆኗል፤ ሥራህን ጻፍ። እንግዳ ነህ፤ ትከፍላለህ» አሉኝ። «የመንግሥት ሠራተኛ» ብዬ ጻፍሁ። ዋጋው 300 ብር ነበር፤ በዚህ ጊዜ አልተከራከርሁም። ደረሰኙንም ቈርጠው ሰጡኝ።

ያ ጦርነት ጥቅምት 23 ቀን 2015 በፕሪቶሪያ በተፈረመው ስምምነት ቆመ። በ2015 ክረምት ደግሞ በአማራ ክልል ሌላ ግጭት ተነሥቶ ያቺ ከተማ እንደ ገና የተኩስ ድምፅ ሰማች። ስልክ በሚሠራበት ጊዜ እደውላለሁ፤ በማይሠራበት ጊዜ እጠብቃለሁ። እትዬ ሲያገኙኝ አስቀድመው የሚጠይቁኝ ስለ ራሴ ጤና ሳይሆን ደብረ ታቦር ስላለው ወንድማቸው፥ ማለት ስለ «አባቴ» ነው፤ እኔም ከዚያ ወዲህ እየሄድሁ እጠይቀዋለሁ።

ሁለቱን ደረሰኞች፥ የ17ቱን ሌሊትና የአንዷን የገና ሌሊት፥ በአንድ ፖስታ ውስጥ አስቀምጫቸዋለሁ። በመካከላቸው ያሉት ቀኖች ደረሰኝ የላቸውም። ሥራዬ መዝገብ ማመሳከር ስለ ሆነ ገቢና ወጪ ሳይተካከል ሲቀር ማየት አልወድም። ይህን ሒሳብ ግን ሳልዘጋው እንዲኖር ትቼዋለሁ፤ ምክንያቱም የእኔ የሆነው ጥፋት ዐሥር ቀን ነው፤ የእርሳቸው የሆነው ደግነት ግን ስንት ቀን እንደ ሆነ እኔ ልቈጥረው አልችልም።